እግሩ የታጠበው መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ወረታ ላይ፣ ከላቫጆው ፊት ለፊት ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ የመኪና ኮፈን ከፍቶ የውኃውን ጎማ ቀጥታ ሞተሩ ላይ ሲለቀው አየሁ። የያዝኩትን የሽንኩርት ፌስታል መሬት ጣልኩና "አንተ! ኧረ እሱን አታርጥበው! ዝጋው!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ። ጎረምሳው ውኃውን ወደ ጎን አድርጎ "አይዞዎት እማማ፣ መኪና ነው እንጂ ስኳር አይደለም፣ አይሟሟም" አለኝ። ባለመኪናው ጥላ ስር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበርና እሱም ቀና ብሎ ሳቀ።

"እማማ፣ መኪና ያውቃሉ እንዴ?" አለኝ።

"አንድ ቀን ብቻ ነው የማውቀው። ግን በደንብ ነው የማውቀው" አልኩት።

ይህን ታሪክ ልጆቼ ከእኔ አፍ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል። እኔ ዝም ስል ደግሞ ባለቤቴ ይቀጥለዋል፤ እሱ ሲያወራው ግን መኪናውን ለብቻው የገፋው እሱ ይሆናል። ስለዚህ ሳልሞት በራሴ አፍ የሆነውን እንደሆነው ላውጋችሁ።

የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው። የፎገራን ሜዳ የማያውቅ ሰው ክረምት ላይ ቢመጣ ሐይቁ ወደ እኛ የመጣ ይመስለዋል። ሩዙ በውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ከብቱ ወደ ደጋው ሸሽቶ፣ እኛም ከቤት ቤት የምንሄደው ቀሚሳችንን ሰብስበን ነው። በጋ ሲሆን ያ ሁሉ ውኃ የት እንደገባ እንጃ፣ ጥቁሩ አፈር እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ያኔ ሰው ሁሉ የወንዙን ውኃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያለማል። አባቴም ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አንዲት በቤንዚን የምትሠራ የውኃ ሞተር ገዛ። በገዛት ሰሞን ታዲያ ሊያስነሳት ሲል የማስነሻው ገመድ ተጠምዝዞ የቀኝ እጁን የጠቋሚ ጣት ጫፍ ይዞበት ሄደ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ሞተሯን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አያያትም።

"አበዛሽ፣ አንቺን ነው የምትሰማው። ሂጂ አናግሪያት" ይለኝ ነበር።

እኔም ሄጄ አናግራታለሁ። ድምፅዋን ሰምቼ ምን እንደጎደላት አውቃለሁ። ካንዴላዋን ፈትቼ አጸዳለሁ፣ ዘይቷን እለካለሁ፣ ስታኮርፍ እሰድባታለሁ። አንድ ጊዜ ቱቦው ተቀዶ ራሷን ከላይ እስከ ታች ስላጠመቃት ብስባትም ብስባትም አልነሳ አለች። ወረታ ያለ አንድ ሞተር ጠጋኝ "ውኃ ገብቷት ነው። እሳቱ የሚያልፍበትን ሁሉ በአረቄ ጥረጊው፣ አረቄው ውኃውን ይዞት ይተናል" አለኝ። ጠረግኳት፣ ተነሳች። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

አላምረው ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ሩዝ ላስፈለፍል በሄድኩ ቁጥር የእኔን ጆንያ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ያነሳው ነበር፤ ሰልፈኛው ይጮህበታል፣ እሱ ያልሰማ ይመስል ጸጉሩ ላይ የተጣበቀውን የሩዝ ገለባ እያራገፈ ይስቃል። ወደድኩት። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገው አጎቱ አቶ ፈንታሁን ነው፤ አቶ ፈንታሁን ደግሞ እኔን አልወደዱኝም። አንድ ቀን በወንዙ ዳር ሲያልፉ ክንዴ ድረስ ዘይት ተቀብቼ፣ ሞተሯን እየተሳደብኩ አይተውኛል። "ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት ልጅ ለትዳር አትሆንም" አሉ አሉ። ሽማግሌ ተመላልሶ፣ የአባቴም መልካም ስም ታይቶ፣ በመጨረሻ በግድ እሺ አሉ። እሺታቸው ግን ሙሉ እንዳልሆነ እኔም አላምረውም እናውቅ ነበር።

ሠርጉ የተቆረጠው ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሩዙ ታጭዶ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፣ ጓያው በየማሳው ለምልሟል፣ የሽንኩርቱ ሽታ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አቶ ፈንታሁን ለወጉ ሲሉ መኪና ተከራይተው መጡ፤ ጣሪያው ሸራ የሆነ፣ በቤንዚን የሚሄድ አሮጌ ጂፕ። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ሙሽራ በበቅሎ እንጂ በመኪና ሲወሰድ አልታየም ነበርና ልጅ አዋቂው መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀው። መኪናው ግን ሊደርስ ሲል መንገዱን ሰብሮ የወጣ የሽንኩርት መስኖ አገኘው። ሰዎቹ ወርደው እየገፉ፣ እየተንሸራተቱ፣ እነሱም መኪናውም በጥቁር ጭቃ ተለውሰው ደጃችን ደረሱ።

በአገራችን እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩ ይታጠባል። ለብ ያለ ውኃ ይቀርባል፣ ጫማው ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ምግብ የሚቀርበው። የእናቴ እህት እትዬ ውድነሽ በዚህ ሥራ የሚቀድማት የለም። የአጃቢዎቹን እግር አንድ በአንድ አጥባ ወደ ዳሱ አስገባች። ሾፌሩ ስጦታው የሚባል ደግ ሰው ነበር። ሞተሩ በጭቃው ትግል ግሎ ነበርና ይቀዝቅዝለት ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ ትቶት ወደ ምግቡ ገባ።

እኔ ጓዳ ውስጥ ነጠላ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ከዳሱ የዶሮ ወጡና የቅቤው ሽታ፣ የጤፍና የሩዝ ቅልቅሉ እንጀራ ሽታ ይመጣል፤ ለሙሽራ ግን መብላት ነውር ነውና ሆዴ ይጮሃል። እትዬ ውድነሽ እጇን እያደራረቀች ገባች።

"መኪናው ብቻውን ጭቃውን ይዞ ቆሞ አሳዘነኝ። እሱም እንግዳ አይደል? አጠብኩት" አለች።

"ምኑን?" አለች እናቴ።

"እግሩን ነዋ! አራቱንም። ፊቱንም ኋላውንም ታጠበ። ደግሞ አፉን ከፍቶ አገኘሁት፣ ሆድ ዕቃውንም በሁለት እንስራ አለቅልቄ ለቀቅኩት። ለብ ባለ ውኃ፣ ቀዝቃዛ መስሎሽ!"

ሴቶቹ እየተንከተከቱ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ከወረታ እስከ ጣራ ገዳም አይገኝም አሉ። እኔም በነጠላዬ ስር ሳቅኩ። እትዬ ውድነሽ ነገር ስታጋንን ስለማውቅ ሁለት እንስራ ያለችውን ለጨዋታ ያለችው መሰለኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። የአባቴንና የእናቴን ጉልበት ሳምኩ። አባቴ መርቆኝ ፊቱን አዞረ። በእኛ ዘንድ የሙሽራ እግር ካባቷ ቤት ከወጣ በኋላ የደጁን መሬት አይረግጥም፤ አንደኛው ሚዜ አዝሎ ያወጣታል። ሚዜው ጥጋቡ የሚባል የወፍጮ ቤት ሰው ነው፤ የሩዝ ጆንያ ሁለቱን ባንዴ የሚሸከም። እንደ ጆንያው አንስቶ ጂፑ ውስጥ አስቀመጠኝ። በአንድ ጎኔ እሱ፣ በሌላው አላምረው፣ ከፊት ከሾፌሩ ጋር አቶ ፈንታሁን ተቀመጡ። እልልታው ቀለጠ። ስጦታው ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ደግሞ አዞረው። እልልታው ረገብ አለ። እንደገና። ባትሪው እየደከመ መጣና ድምፁ የሚያቃስት በሽተኛ ድምፅ ሆነ። ስጦታው ወርዶ ቤንዚኑን አየ፣ አለ። የባትሪውን ገመድ ነቀነቀ፣ ጠብቋል። ወጣቶቹ እየዘፈኑ ገፉት፣ እስከ አውድማው ድረስ ገፉት፣ ከአውድማው መልሰው ገፉት። መኪናው ውስጥ ሆነን ወዲያ ወዲህ ተወዘወዝን እንጂ ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። ገፊዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ራቅ ብለው ቆሙ። ከዘፈኑ ይልቅ ሹክሹክታው በዛ። "ሙሽራዋ ሳትገባ ደህና ነበር" የሚል የሴት ድምፅ በሸራው በኩል ሰማሁ።

አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያለ ነገር አይደለም። በደህና የመጣ መኪና እሷ ስትገባ እምቢ አለ። ገዳችን አይደለም። ልጅቱ ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን።"

"በቅሎ ይጫንልን" አለ አላምረው። "ካልሆነም በእግሬ ይዣት እሄዳለሁ።"

"ዝም በል! በመኪና መጥቶ በእግሩ የሚሄድ ሰርገኛ ልታደርገኝ ነው? መሳቂያ ልሆንልህ? መሬቱን መርገጡ ነውር ከሆነ ጥጋቡ እንዳወጣት አዝሎ ይመልሳት።"

"ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን" አላሉም፤ "እንነጋገራለን" ነው ያሉት። ነገሩ ገባኝ። ዛሬ ከዚህ መኪና ከወረድኩ አላምረው አለቀ። መኪና የጣላት፣ ገደ ቢስ ሙሽራ ተብዬ እቀራለሁ፤ ማን ደፍሮ ደጃችንን ያንኳኳል? ፈራሁ። ፍርሃቴ ግን ብዙ አልቆየም፣ ተናደድኩ። እኔ ገደ ቢስ! በጋውን ሙሉ ያን ሁሉ ሽንኩርት ያጠጣሁ ሰው!

በዚህ ንዴት መሃል ነው ሽታው የመጣልኝ። የጋለ ብረት ላይ ውኃ ሲፈስ የሚወጣው፣ ሞተሬ ስትጠመቅ የማውቀው ያ እርጥብ ሽታ ከፊት በኩል እየገባ ነው። ሁለት እንስራ! እትዬ ውድነሽ አላጋነነችም ማለት ነው። ስጦታው ዳስ ውስጥ ነበር፣ አላየም፤ ሴቶቹ ደግሞ መልካም ነገር ስለሠሩ የሚናገሩት ነገር ያለ አልመሰላቸውም። መኪናው እንደታጠበ የሰማሁ፣ የታጠበ ሞተር ምን እንደሚሆንም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ሙሽራ ነኝ፤ በዚያ ቀን ሙሽራ አትናገርም።

በሚዜና በሙሽራ መካከል ግን ወንድምነት አለ። ወደ ጥጋቡ ጆሮ ዘንበል አልኩ።

"ወንድም ዓለም፣ ሞተሩ ውስጥ ውኃ ገብቷል። እሳቱ የሚያልፍበትን ክዳን ከፍቶ ይየው በለው።"

ጥጋቡ ወፍጮ እንጂ መኪና አያውቅም። ወረደና ከራሱ እንደመነጨ አድርጎ "ውኃው ጋ ነው ችግሩ፣ ክዳኑን ክፈተው" አለ። ስጦታው የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። "ውኃማ ሞልቷል" ብሎ መልሶ ዘጋው። ጥጋቡ ተመልሶ "ሞልቷል አለ" አለኝ። በነጠላዬ ውስጥ ጥርሴን ነከስኩ። አቶ ፈንታሁን በሩን ከፍተው "በል እንግዲህ፣ እዘላትና መልሳት" አሉት።

"እዘለኝ" አልኩት እኔም በሹክሹክታ። "ወደ ቤት ግን አይደለም። ወደ ሞተሩ።"

"እታለም?"

"መሬት አልረግጥም። ባንተ ጀርባ ነኝ። እዘለኝ ብዬሃለሁ!"

ጥጋቡ እግዜር ይስጠው አዘለኝ። ሰው ሁሉ ወደ ቤት ልመለስ መስሎት ለቅሶ ሊጀምር ምንም አልቀረውም፤ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ጥጋቡ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ ሄዶ ዞረና በጂፑ አፍንጫ በኩል ቆመ። ሰርገኛው እየተጋፋ ቀረበ። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥ አድርጌ በትከሻው ላይ ወደ ሞተሩ አጎነበስኩ። የእኔዋ ሞተር አንድ ካንዴላ፣ አንድ ገመድ ነው ያላት፤ እዚህ ገመዱ ብዙ ነው። ገመዶቹን በዓይኔ ተከተልኳቸው፤ ሁሉም ሄደው አንድ ጥቁር ክዳን ውስጥ ይገባሉ። ጎድጓዳ ቦታዎች ሁሉ ላይ ውኃ ቋጥሯል።

"አያ ስጦታው፣ ይህ ክዳን ውስጡ ምን አለ?" አልኩት።

ስጦታው መጀመሪያ ሙሽራ በመናገሯ ደነገጠ። ከዚያ ግን "እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ነው" ብሎ መያዣውን አላቀቀና አነሳው። ውስጡ እንደ ጠዋት ቅጠል ላብ ላብ ብሎታል፤ ከስሩ ውኃ ተንጠባጠበ። "ወይኔ! ማነው ያጠበው?"

"እኔ ነኝ!" አለች እትዬ ውድነሽ በኩራት፣ እንስራዋ ጎን ቆማ። "ምነው፣ ቀረው እንዴ?"

ያን ጊዜ መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከእሱ በኋላ ሰርገኛው ሁሉ ሳቀ።

"አረቄ አምጡ። ሁለቴ የወጣውን፣ ዳግሙን!" አልኩ።

ከሩዝ የወጣ፣ ጉሮሮ የሚልጥ አረቄ በጠርሙስ መጣ። የነጠላዬን ጥለት በጣቴ ጠቅልዬ ነከርኩና የክዳኑን ውስጥ ጠረግኩ፣ የገመዶቹን ጫፍ ጠረግኩ። ስጦታው ካንዴላዎቹን እየፈታ ያቀብለኛል፣ እጠርጋለሁ፣ መልሶ ያስራል። ጥጋቡ ከስሬ እየተንቀጠቀጠ "እታለም፣ በሞትሁት፣ ጆሮዬን ይዘሽዋል" ይላል። አዲሱ ነጠላዬ ከጥለቱ እስከ ክንዴ ጥቁር ሆነ። አቶ ፈንታሁን ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገባችን ቆመው ያያሉ።

"አሁን አስነሳ!" አሉ ወጣቶቹ።

"አይሆንም። አረቄው ይትነን፤ አለዚያ እሳት ይይዘዋል" አልኩ። ቆምን። ጠበቅን። ከዚያን ቀን መከራ ሁሉ የከበደኝ ያ ጥበቃ ነው፤ ካልተነሳ ከዝምታዬም ከነጠላዬም ሳልሆን ልቀር ነው። ክዳኑን አሸተትኩት፣ ነፋሁት፣ ለስጦታው ሰጠሁት። ጥጋቡ ወደ ቦታዬ መለሰኝ።

ባትሪው ግን አልቋል። መገፋት አለበት። ወጣቶቹ ደክመዋል፣ ደግሞም በከንቱ መልፋት ሰልችቷቸዋል፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻውን መኪናው ላይ ትከሻውን ሲያሳርፍ ተሰማኝ፤ ጂፑ ትንሽ ነቃ አለ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" የሚል የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። "ልጄን ሸኙልኝ እንጂ!"

እኔን ከደጁ ለማውጣት የሚገፋው አባቴ ነው። ነጠላዬ ስር እንባዬ ወረደ፤ ደስታም ነበር፣ ሐዘንም ነበር፣ አልለየሁትም። የእነሱም ወገን የእኛም ወገን ተንጋግቶ መጣ፣ አላምረው በሩን ከፍቶ ዘለለና ካባውን እንደለበሰ ከአባቴ ጎን ገባ። መኪናው እትዬ ውድነሽ ያፈሰሰችው ውኃ ያቦካውን ጭቃ ወደ ገፊዎቹ እየረጨ ተንከባለለ። ስጦታው እግሩን ከፍሪሲዮኑ አነሳ። ጂፑ አንዴ ዘለለ፣ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ አገሩን በሚያናውጥ ድምፅ ተነሳ!

የዚያን እልልታ ዛሬም ስተኛ እሰማዋለሁ። ሴቶቹ ይዘላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። እትዬ ውድነሽ "አጥቤ ነው የሰደድኩት!" እያለች ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። አላምረው እየሮጠ መጥቶ ተወርውሮ ገባ፤ ክንዱ እስከ ብብቱ ጭቃ ነው፤ የእኔም እጅ ዘይት ነው። እጄን ያዘኝ፣ ያለ ወጉ፣ አጎቱ እያዩ።

ወደ ወረታ አቀናን። ሜዳው ላይ ሩዝ ታጭዶ በቀረው ቃርሚያ ውስጥ ወፎቹ ይለቅማሉ፣ ከብቱ ቀና ብሎ ያየናል፣ ሞተሩ እንደ ጤነኛ ያጉረመርማል። ወረታ ስንደርስ ዘመዶቹ ደጅ ላይ ተሰልፈው "ምነው ቆያችሁ?" አሉ። አቶ ፈንታሁን ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ሌላዋን ሙሽራ መኪና ነው የሚያመጣት" አሉ ጮክ ብለው። "መኪናውን ያመጣችው የእኛይቱ ናት!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኚያ ሰው ያለ እኔ መኪና አይሳፈሩም ነበር። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኔ፣ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሲወርዱ እኔ። "ቤንዚን የምትሸተዋን ጥሩልኝ" ይላሉ፣ ሲስቁ ጥርሳቸው እስኪታይ።

ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ስወርድ፣ በጥጋቡ ጀርባ ሆኜ፣ የጂፑን ኋላ አየሁት። እትዬ ውድነሽ አንጽታ ባጠበችው ነጭ ብረት ላይ የገፉት ሰዎች የጭቃ መዳፍ ተደራርቦ ታትሟል። ከመካከላቸው አንዱን መዳፍ ለየሁት፤ ጠቋሚ ጣቱ አጭር ነው። ስጦታው ጨርቅ ይዞ ሊጠርገው መጣ፣ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ወጉ ተናገርኩ። "አያ ስጦታው፣ እሱን ተወው" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ጂፑ በነጋታው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ያ መዳፍ ከነጭቃው ላዩ ላይ ነበር።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ዕለት ባጃጁ ሲመጣ ገና ልሳፈር ስል፣ ከላቫጆው በኩል የሞተር መዞር ሰማሁ፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። የዛሬ መኪና ውኃ አይፈራም ይላሉ፤ ያ ግን አሮጌ ነበር። ባለመኪናው አሁን አይስቅም። ለባጃጁ ልጅ "ሂድ የኔ ልጅ" ብዬ ፌስታሌን አስቀመጥኩና መንገዱን ተሻገርኩ። ክዳኑን አስከፈትኳቸው፣ አረቄ አስመጣሁ፣ ጠረግን፣ ጠበቅን። ባትሪው አልቆ ነበርና ጎረምሶቹ ከኋላ ተሰለፉ።

"እማማ፣ እርስዎ ዞር ይበሉ፣ ይቆሽሻሉ" አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና እጄን እርጥቡ ብረት ላይ አሳርፌ ከእነሱ ጋር ገፋሁ።